ፊት በቡጢ አይመታም
(የኪዮኩሺን ካራቴ የውድድር ደንብ እንዴት ተወለደ? ምንስ አስከተለ?)

ስለ ካራቴ ክርክር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚያልቀው «ማን ማንን ይጥላል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ቦክሰኛው ወይስ ካራቴ የሚያውቀው? ረጅሙ ወይስ አጭሩ? ክርክሩ ሞቅ ይላል፣ አንዱ በሌላው ያሾፋል፣ መልስ ሳይገኝ ጉባኤው ይበተናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚያ ትንሽ ይለያል። ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ አንዱን «አሸነፈ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ይህን የሚወስነው ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ደንብ ነው። ደንቡን ደግሞ የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው የጻፈው ነገር ሁሉ ታሪክ አለው። ምሳሌ እንዲሆነን «ሙሉ ንክኪ» ከሚባሉት የጃፓን ካራቴ ዓይነቶች የመጀመሪያውንና ዋነኛውን፣ ኪዮኩሺንን መርጠናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ከውድድር በፊት

ካራቴ የኦኪናዋ ደሴት ልጅ ነው። በ1922 ወደ ቶኪዮ ሄደው ያስተዋወቁት ጊቺን ፉናኮሺ በሙያቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ለእሳቸው ካራቴ ማለት በመጀመሪያ የጠባይ ማረሚያ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በተወሰነ እንቅስቃሴ ነበር። ውድድር የሚባለውን ነገር አልወደዱትም። ይሁን እንጂ ትምህርቱን በብዛት የተቀበሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪ ደግሞ መች ይቀመጣል! የተማረውን መሞከር፣ ከጓደኛው ጋር መለካካት ይፈልጋል።

ፉናኮሺ በ1957 ሚያዝያ ወር ሞቱ። በዚያው ዓመት የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን የመላ ጃፓን ውድድር አዘጋጀ። ለውድድሩ የተገኘው መፍትሔ «ሱንዶሜ» ይባላል። ሱን የጥንት ጃፓናውያን መለኪያ ሲሆን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ተጋጣሚው በሙሉ ኃይሉ ይሰነዝራል፤ ነገር ግን ቡጢው ዒላማው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያቆመዋል። ዳኛው «ይህ ምት ባይቆም ኖሮ ይጥል ነበር» ብሎ ካመነ ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዚህ ደንብ ድል ማለት ያልተደረገ ነገር ነው። የሚፈረደው በተደረገው ላይ ሳይሆን ሊደረግ ይችል በነበረው ላይ ነው።

ለ. ኦያማና «የመጨረሻው እውነት»

ይህ ያላረካቸው አንድ ሰው ነበሩ። ማሱታትሱ ኦያማ በ1923 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ኮሪያ ተወለዱ፤ የትውልድ ስማቸው ቾይ ዮንግ-ኡይ ነው። በ1938 ወደ ጃፓን ሄደው በመጀመሪያ ከፉናኮሺ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ጎጁ-ርዩ ከሚባለው የካራቴ ዘርፍ ተማሩ። በተራራ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሠለጠኑ፤ በ1952 አሜሪካን ዞረው ጣውላና ጡብ በእጃቸው እየሰበሩ አሳዩ። በ1964 በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ የድርጅታቸውን ዋና መሥሪያ ቤት አቆሙ፤ ስሙንም ኪዮኩሺንካይ አሉት። ትርጉሙ «የመጨረሻው እውነት ማኅበር» እንደ ማለት ነው።

ስሙ ራሱ ክርክር ነው። ሳይነካ የተቆጠረ ነጥብ ምን ዓይነት እውነት ነው? የኦያማ አቋም ይህን የሚጠይቅ ነበር። ምት ጠንካራ መሆኑ የሚታወቀው ሲያርፍ ነው፤ ሰው ጽኑ መሆኑ የሚታወቀው ሲመታ ነው። በ1964 ደቀ መዛሙርታቸው ባንኮክ ድረስ ሄደው ከታይላንድ ቦክሰኞች ጋር በገዛ ሜዳቸው ተጋጠሙ፤ ሦስት ግጥሚያ ተደርጎ በሁለቱ አሸነፉ፣ በአንዱ ተሸነፉ። የቀድሞው የኦያማ ማሠልጠኛ ልምምድም ለስላሳ አልነበረም፤ ፊትን በመዳፍ መምታት፣ ይዞ መጣል ጭምር የተለመደ ነበር።

ታዲያ ይህን ከማሠልጠኛ አውጥቶ በሕዝብ ፊት ለማቅረብ ሲታሰብ አንድ ቅራኔ ብቅ አለ። ባዶ እጅ፣ ሙሉ ኃይል፣ ብዙ ተመልካች፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሰው ፊት አይተርፍም። ለዓመታት ገመድ በተጠመጠመበት እንጨት ላይ የደነደነ ጉልማ ጥርስን፣ ዓይንን፣ አፍንጫን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

መውጫው ምን ነበር? ጓንቲ ቢደረግ ነገሩ ወደ ቦክስ ይሄዳል። የራስ መከላከያ ቢለበስ የባዶ እጅነቱ ጣዕም ይጠፋል። ምቱ ይቁም ቢባል ደግሞ የሸሹትን ሱንዶሜ መልሶ ማምጣት ነው። የተመረጠው አራተኛው መንገድ ነበር፤ ኃይሉን ሳይነኩ ዒላማውን መቀነስ። በመስከረም 1969 በቶኪዮ የመጀመሪያው የመላ ጃፓን ግልጽ ውድድር በዚህ መሠረት ተካሄደ፤ «ግልጽ» የተባለውም ከሌላ ዘርፍ የመጡ ሰዎች ስለሚገቡበትና የክብደት ምድብ ስላልነበረው ነው። አሸናፊው ቴሩቶሞ ያማዛኪ ነበር።

ሐ. ደንቡ ምን ይላል?

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። በእጅም ሆነ በክርን ፊትን፣ ራስንና አንገትን መምታት ክልክል ነው። በእግርና በጉልበት ግን ራስን መምታት ይፈቀዳል። ደረትና ሆድ፣ የጎን አጥንትም ጭምር፣ በባዶ ቡጢ በሙሉ ኃይል ይመታል። ታፋ በእርግጫ ይመታል። ብልትን መምታት፣ የጉልበት መገጣጠሚያን ፊት ለፊት መርገጥ፣ በራስ ቅል መግጨት፣ መያዝ፣ የወደቀን መምታት የተከለከሉ ናቸው።

ተጋጣሚውን ከ3 ሴኮንድ በላይ የጣለ ወይም የመዋጋት ፍላጎቱን ያጠፋበት «ኢፖን»፣ ማለትም ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ግጥሚያውም እዚያው ላይ ያበቃል። ቶሎ ከተነሣበት ግማሹን፣ «ዋዛ-አሪ» የተባለውን ያገኛል፤ ሁለት ዋዛ-አሪ አንድ ኢፖን ነው። ይህ ካልሆነ አራት የማዕዘን ዳኞች በቀይና በነጭ ባንዲራ፣ መሐል ዳኛውም በእጁ ይፈርዳሉ። ዋናው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው፤ እኩል ከሆኑ 2 ደቂቃ ይጨመራል፣ ደግሞም ሌላ 2 ደቂቃ።

አሁንም ካልተለዩስ? ደንቡ እዚህ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ያደርጋል፤ ሁለቱን በሚዛን ላይ ያቆማቸዋል። የክብደታቸው ልዩነት ከተወሰነው መጠን በላይ ከሆነ ድሉ የቀላሉ ነው። በክብደትም ከተቀራረቡ ጣውላ ወደ መስበሩ ይኬዳል፤ በቡጢ፣ በእጅ ጠርዝ፣ በክርንና በእግር ጠርዝ ከሰበሩት ብዙ የሰበረው ያልፋል። እኛ ይህን ስናይ የተሰማን አድናቆት ነው። በአብዛኛው ስፖርት ከባዱንና ቀላሉን ይለያዩአቸዋል፤ እዚህ ግን አንድ ላይ ያጋጥሟቸዋል፣ ከዚያም «ትንሹ ከትልቁ እኩል ከቆመ በልጧል» ይላሉ። በ1991 የዓለምን ውድድር ያሸነፈው ኬንጂ ሚዶሪ ከብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹ አጭርና ቀላል ነበር።

መ. ደንቡ የሠራው ሰው

ደንብ መከልከል ብቻ አይደለም፤ ሰውን ይቀርጻል። ከ1969 ወዲህ ምን ሆነ? ፊት በቡጢ ስለማይመታ ተጋጣሚዎች ደረት ለደረት ተጠጉ። ሲጠጉ የሆድ ጡንቻ እንደ ጋሻ መደንደን ነበረበት። ታፋን በቅልጥም እየደበደቡ ማድከም ጥበብ ሆነ። ከቅርብ ርቀት እግርን አንሥቶ ጆሮ ግንድ ላይ ማሳረፍ፣ ለተመልካች ተአምር የሚመስለው ነገር፣ የዕለት ተዕለት ልምምድ ሆነ። ይህ ሁሉ የአንዲት የክልከላ አንቀጽ ፍሬ ነው።

ግን ሌላም ፍሬ አለው። ቡጢ የማይመጣበትን ፊት ማን ይከላከላል? እጅ እየወረደ ሄደ፤ በቡጢና በፊት መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ተረሳ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚገርመው። ሱንዶሜ የልብ ወለድ ድል ነው ብለው የወጡ ሰዎች የራሳቸውን ልብ ወለድ ይዘው ተገኙ፤ ቡጢ ፊትን የማያውቅበት ዓለም። ኦያማ ይህን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ያለ ጓንቲ መዋጋትንና ሰው አለመግደልን አንድ ላይ ሲፈልጉ የከፈሉት ዋጋ ነው።

ሠ. አንድም፣ አንድም

የቆሎ ተማሪ አንዲትን አንቀጽ ይዞ «አንድም… አንድም…» እያለ እንደሚፈታት፣ ከኦያማ ቤት የወጡት ሰዎች ታሪክም የዚያች አንቀጽ አንድምታ ሊባል ይችላል።

ሂዴዩኪ አሺሃራ በ1980 ተለይቶ የራሱን ካራቴ አቋቋመ፤ የእሱ አንድምታ «ፊት ለፊት ከመደባደብ ወደ ጎን መዞር» ነበር። በ1975ቱ የዓለም ውድድር ሦስተኛ የወጣው ጆኮ ኒኖሚያ በ1988 በአሜሪካ ዴንቨር ኤንሺንን መሠረተ፤ በእሱ ውድድር በአንድ እጅ ልብስ ይዞ መጣል ተፈቀደ። በ1977 የመላ ጃፓን አሸናፊ የነበረው ታካሺ አዙማ ደግሞ በ1981 በሴንዳይ ዳይዶ ጁኩን አቆመ፤ የራስ መከላከያ አልብሶ ፊትን በቡጢ መምታት ፈቀደ። ኦያማ ያልመረጡትን መንገድ መረጠ ማለት ነው። ከአሺሃራ ወገን የወጣው ካዙዮሺ ኢሺይ በ1993 ኬ-ዋን የተባለውን ውድድር ሲጀምር ጓንቲ አለበሳቸው፤ ያ ደግሞ ሌላው የተተወ መንገድ ነበር። እያንዳንዱ የተገነጠለው በጠብ ወይም በጥቅም ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ያም አይጠፋም። ይሁንና በደንባቸው ካየናቸው ሁሉም አንዲቱን ጥያቄ እየመለሱ ነው።

ኦያማ በ1994 ሲሞቱ ድርጅታቸው ተከፋፈለ። በስም፣ በማዕረግ፣ በውርስ ተጣሉ። በመሠረታዊው ደንብ ላይ ግን አልተጣሉም፤ ሁሉም ይዘውት ሄዱ።

ረ. «ያሜ!»

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ያን የሰማ እጁን ይሰበስባል። በካራቴ ምንጣፍ ላይ ይህን የሚመስለው ቃል «ያሜ» ነው፤ አቁም ማለት ነው። ሁለት ግጥሚያዎች የዚህን ቃል ክብደት ያሳዩናል።

በ1991ዱ የዓለም ውድድር ስዊዘርላንዳዊው አንዲ ሁግ ከብራዚላዊው ፍራንሲስኮ ፊሊዮ ጋር ተጋጠመ። ሁግ በ1987 ለፍጻሜ ደርሶ በአኪዮሺ ማትሱይ የተሸነፈ ታላቅ ተጋጣሚ ነበር። የጊዜው ማብቂያ ተሰማ፤ ሁግ ቆመ፤ የፊሊዮ እግር ግን መንገድ ላይ ነበረችና ራሱ ላይ አረፈች። ሁግ ወደቀ። ፍርዱ ለፊሊዮ ሆነ፤ እግሩ የተነሣችው ቃሉ ከመሰማቱ በፊት ነው ተባለ፣ ኦያማም ተዋጊ መቼም ቢሆን መዘናጋት የለበትም በሚለው ወገን ቆሙ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ከወገብ የተፈታ እግርም አይመለስም እንደ ማለት ነው። ፊሊዮ በ1999 የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያልሆነ የዓለም አሸናፊ ሆነ። ሁግ ወደ ኬ-ዋን ሄዶ በ1996 ታላቁን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2000 በቶኪዮ በደም ካንሰር ሞተ።

ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ2020 ታስቦ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፤ ደንቡ ግን የሱንዶሜ ዘር ነው። በከባዱ ሚዛን የወንዶች ፍጻሜ የሳዑዲ ዓረቢያው ታሬግ ሐመዲ 4 ለ 1 እየመራ ሳለ እርግጫው የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ራሱን አሳተው። ዳኞቹ ተመካከሩ፤ ሐመዲን ባልተቆጣጠረው ምት አሰናበቱት። ወርቁ በቃሬዛ ለወጣው ሰው ሆነ።

ብዙዎች ሳቁ፤ «ተኝቶ አሸነፈ» አሉ። እኛ ግን ከሳቁ በኋላ ያለውን እንጠይቅ። ያች እርግጫ በኪዮኩሺን ምንጣፍ ላይ ብታርፍ ኖሮ ኢፖን ነበረች፤ ጭብጨባና ዋንጫ ነበረች። እግሩ ያው፣ ራሱ ያው፣ ከተማው እንኳ ያው ቶኪዮ ነው። የተለየው ወረቀት ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው። በአንዱ ቤት ምቱን የማያቆም ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በሌላው ቤት ምቱን የሚያቆም ሰው ገና አልተፈተነም። ሁለቱም ቤቶች ለተመቺው ያስባሉ። አንዱ ኃይልን በመግታት ያተርፈዋል፣ ሌላው ፊቱን ከቡጢ በመከለል።

ስለዚህ «የትኛው ካራቴ እውነተኛ ነው?» ለሚለን ሰው መልሳችን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደንቡ ማንን ሊጠብቅ ተጻፈ? ሲጠብቅስ ምን አስረሳ? ይህ ለካራቴ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አይመስለንም። የፈተና ወረቀት ይሁን የስብሰባ ሥነ ሥርዓት፣ ደንብ ባለበት ቦታ ሁሉ ሰው የሚሠለጥነው ለሚቆጠርለት ነገር ነው። ያልተቆጠረው ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል። የኪዮኩሺን ተጋጣሚ ለሃምሳ ዓመታት ያህል የደነደነ ሆድና የወረደ እጅ ይዞ ምንጣፉ ላይ ሲቆም ያሳየን ይህንኑ ነው።