መያዣ

ተበዳሪ ባንክ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠየቀው መያዣ ነው። ቃሉ «ያዘ» ከሚለው ግስ ወጥቶ፣ ብድሩ ባይመለስ አበዳሪው ሸጦ ገንዘቡን የሚያስመልስበትን ንብረት ያመለክታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመዱን «ወለድ አገድ»ንም ያውቃል፤ በእሱ አበዳሪው ንብረቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላል።

በልማድ ግን መያዣ ማለት ቤት ነው፤ ካርታ ያለው፣ ቢቻል አዲስ አበባ ውስጥ። ስለዚህ መንጋ ያለው አርብቶ አደር፣ ቡና ያከማቸ ገበሬ፣ ካርታው በባሏ ስም የሆነባት ነጋዴ ሀብት እያላቸው «መያዣ የላቸውም» ይባላሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ትርጉሙን አስፍቶ ከብት፣ ሰብልና ማሽን ጭምር እንዲያዝ ፈቅዷል። («ላሟ ብትሞትስ?» የሚለው የብድር ባለሙያ ግን ቀልድ አይደለም የያዘው፤ የእንስሳት መድን ገና እንደ ልብ አይገኝም።)

የመያዣ ጉዳይ የባንኩን ኃላፊነትም ይነካል። ስለ ባንኮች ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነት ሲወራ የሚቀድመው ችግኝ ተከላውና ልገሳው ነው። እኔ የብድር ፋይሉን ማየት እመርጣለሁ። ቆዳ ፋብሪካ ሕንፃውን ሲያስይዝ መሐንዲስ መጥቶ ይገምተዋል፤ ፍሳሹ የሚገባበት ወንዝ ግን ግምቱ ውስጥ የለም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን አስገድዷል። ባንኩ የግምገማውን ሰነድ ከፋይሉ ጋር አያይዞ ከማለፍ ይልቅ «የፍሳሽ ማጣሪያው ሳይተከል ቀጣዩ የብድር ክፍያ አይለቀቅም» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል።