የተውሶ መድኃኒት፦ የጆሮ ጩኸትና የአንድ ምስክር ቃል



የዛሬው ገለጻዬ ከባለቤቱ በቀር ማንም ስለማይሰማው ድምፅ ነው። ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል፤ እኛ የጆሮ ጩኸት እንለዋለን። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን ስለሌለ፣ ሐኪሞችና ሕሙማን ለሌላ በሽታ የተሠራውን እየተዋሱ ሲሞክሩ ኖረዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ «ይህ መድኃኒት አስታገሠኝ» የሚል ቃል የሚታመነው በምን ማስረጃ ነው? ጉዳዩ ምስክሩ አንድ ብቻ የሆነበት ጉዳይ ነውና፣ ለታሪክ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድኃኒትና የጆሮ ጩኸት አስቀድሞ የተዋወቁት በበጎ አልነበረም። በ1820 ፈረንሳውያኑ ፔሌቲዬና ካቫንቱ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ኪኒንን ነጥለው አወጡ። ወባን ድል የነሣው ይህ መድኃኒት መጠኑ ሲበዛ ጆሮን ያስጮኻል፤ አስፕሪንም በብዛት ሲወሰድ እንዲሁ ነው። በቋንቋችን «ክኒን» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ነው። እንግዲህ የክኒን ሁሉ ስም አባት የሆነው መድኃኒት ጩኸትን የሚያመጣ እንጂ የሚያጠፋ አልነበረም።

የማጥፋቱ ተስፋ የፈነጠቀው ከሮበርት ባራኒ ነው። ባራኒ የውስጥ ጆሮ የሰውነትን ሚዛን እንዴት እንደሚጠብቅ በማጥናቱ የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘ የቪየና ሐኪም ነበር፤ የሽልማቱ ዜና የደረሰውም በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሳለ ነው። በኋላ ኑሮውን በስዊድን፣ በኡፕሳላ አደረገ። በ1935፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ ፕሮኬይን የተባለው ማደንዘዣ በአፍንጫ ውስጥ ሲወጋ የጆሮ ጩኸት ለጊዜው ሊቀንስ እንደሚችል አስታወቀ። ሕመምን ለማደንዘዝ የተሠራው መድኃኒት ሳይታሰብ ድምፅን አደነዘዘ።

በ1943 በስቶክሆልም ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶኬይንን ሠራ። ይህም ማደንዘዣ ነበር፤ ቆይቶም ለልብ ምት መዛባት በደም ሥር ይሰጥ ጀመር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኒውዚላንድ ሐኪሞች የጆሮ ጩኸት ላለባቸው በደም ሥር ሲሰጡት ብዙዎቹ እፎይታ አገኙ። ለዓመታት አንዲት የጸጥታ ደቂቃ ለናፈቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ግን እፎይታው አጭር ነበር፤ መድኃኒቱም በየዕለቱ በደም ሥር የሚወሰድ አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ክኒን ይፈለግ ጀመር። ለሚጥል በሽታና ለፊት ነርቭ ሕመም የሚሰጠው ካርባማዜፒን ተሞከረ፤ ጥቂቶችን ረዳ፤ ለብዙኃኑ ግን የተስፋውን ያህል አልሆነም። የሊዶኬይን የቅርብ ዘመድ የሆነው ቶካይኒድም ተሞከረ፤ በደም ሕዋሳት ላይ በሚያደርሰው ብርቱ ጉዳት ምክንያት ከአገልግሎት ወጣ።

ሆኖም ሊዶኬይን ፈውስ ባይሆንም ትልቅ ዕውቀት አስገኘ። በ2005 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ በመስማት ነርቭ አጠገብ የበቀለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣላቸው የአንድ ጆሯቸው የውስጥ ክፍል አብሮ ለጠፋ ሰዎች ይህን መድኃኒት ሰጡ። ጆሮው ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል፤ ጩኸቱ ግን አልተቋረጠም ነበር። በመድኃኒቱም ጋብ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሠራው፣ ጩኸቱም የሚኖረው፣ ቢያንስ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ፣ በጆሮ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ነው። በጆሮ የተጀመረው ችግር መኖሪያውን ወደ ላይ አዛውሯል።

ይህ ግንዛቤ ተመራማሪዎችን ከልክ በላይ የነቃ ነርቭን ወደሚያረጋጉ መድኃኒቶች መራቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1993 በአሜሪካ ለሚጥል በሽታ የተፈቀደው ጋባፔንቲን ነው። እዚህ ላይ እኔም ከምስክሮቹ እንደ አንዱ ልቆጠር። በግራ ጆሮዬ ለዓመታት ያልተቋረጠ ፉጨት አለ፤ አንድ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት አዘዘልኝና ስምንት ሳምንት ወሰድሁት። እንቅልፌ ተሻሻለ፤ ፉጨቱም ቀለል አለኝ። ይህ ቃሌ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ቃሌን በሚዛን ላይ እናስቀምጠው። በ2007 በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርቱ የጆሮ ጩኸት ያለባቸውን 135 ሰዎች በዕጣ ከፍለው፣ ለግማሾቹ ጋባፔንቲን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሰጡበትን ጥናት አሳተሙ። ማን ምን እንደወሰደ ታማሚውም ሐኪሙም አላወቁም። ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ጩኸቱ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ከ100 በሚለካው መጠይቅ፣ ጋባፔንቲን የወሰዱት በአማካይ 11.3 ነጥብ ተሻላቸው። ባዶውን ክኒን የወሰዱትም 11.0 ነጥብ ተሻላቸው።

ከዚህ ጥናት የምረዳው መሻሻሉ ሐሰት እንደነበር አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ሰዎቹ ተሽሏቸዋል። የጆሮ ጩኸት ይጠናል፣ ይላላል፤ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደውም በጠናበት ሰሞን ነው፤ የሚያዳምጠው ሐኪም ማግኘትም ራሱ ሸክም ያቀልላል። እኔ ባዶውን ክኒን ብወስድ ኖሮ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቅንነት፣ ልሰጥ እችል ነበር። ምስክሩ የሚናገረው ምን እንደተሰማው ነው፤ ለምን እንደተሰማው የሚያውቀው ግን ሌላው፣ ባዶውን የወሰደው ምስክር አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነው።

በ2014 የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ ባወጣው መመሪያ፣ የድብርት፣ የሚጥል በሽታና የጭንቀት መድኃኒቶች ለጆሮ ጩኸት ብቻ ተብለው እንደ ልማድ እንዳይታዘዙ መክሯል። ድብርት ወይም ጭንቀት አብሮ ላለበት ሰው ግን እነዚያን ማከም ተገቢ ነው፤ ጩኸቱ ባይጠፋም ኑሮው ሊቀልል ይችላል። ከጩኸቱ ጋር ተላምዶ ለመኖር የሚረዳ የሥነ ልቦና ምክክርም ተመክሯል።

ከዚህ ታሪክ ለዕለት ኑሯችን የሚተርፍ አንድ ነገር አለ። «እኔን አድኖኛል» ብሎ ከመድኃኒቱ የሚያካፍለን ወዳጅ አይዋሽም፤ ቢሆንም የእርሱ ክኒን ለእኛ አልተመዘነም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫሉ፤ አንዳንዶቹን በድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ስለዚህ ወዳጃችንን በአክብሮት እናዳምጠው፤ ክኒኑን ግን ከመዋጣችን በፊት ሐኪም እንጠይቅ።