ከአንድ መስመር ጽሑፍ ወደ ያጌጠ ገጽ፦ የኮምፒውተር መግቢያ ታሪክ

ኮምፒውተር ሲከፈት ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ የመጣው አንድን ማሽን ብዙ ሰው መጋራት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት በርካታ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግድ ስለነበር፣ የአንዱን ፋይል ከሌላው ለመጠበቅ የይለፍ ቃል አስፈለገው። ጥበቃው ግን ገና የላላ ነበር። በ1966 በሶፍትዌር ስህተት የዕለቱ መልእክትና የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር ቦታ ተለዋወጡና የሁሉም ምስጢር በገባ ሰው ሁሉ ፊት ተዘረገፈ።

በ1970ዎቹ በቤል ላቦራቶሪ ያደገው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወናም ጥያቄውን በአንድ መስመር ጽሑፍ ያቀርብ ነበር። ማስዋብ ቢባል ከጥያቄው በላይ የሚታየውን ሰላምታ ከመለወጥ አያልፍም።

ሥዕላዊው መግቢያ የተገኘው በዩኒክስ ማሽኖች ላይ መስኮቶችን ከሚያሳየው ከኤክስ ዊንዶው ሲስተም ነው። ኤክስ በ1984 እዚያው ኤምአይቲ ተጀምሮ በ1987 አስራ አንደኛው ትውልድ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ተጠቃሚው በጽሑፍ ከገባ በኋላ መስኮቶቹን በትእዛዝ ያስነሳ ነበር፤ በ1988 ኪት ፓካርድ የጻፈው ኤክስዲኤም የተባለ ፕሮግራም ግን ጥያቄውን ራሱን ወደ መስኮት አመጣው። የሳጥኑ ቀለም፣ የፊደሉ ዓይነትና የሰላምታው ቃል በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይወሰናሉ። መስኮቱ ከመታየቱ በፊት የሚሠራ ሌላ አጭር ፋይልም አለ፤ ከጀርባ ሥዕል መለጠፍ የፈለገ አስተዳዳሪ ትእዛዙን እዚያ ይጽፋል። ሁለቱንም መለወጥ የሚችለው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ምክንያቱም ገጹ ማን እንደመጣ ሳይታወቅ የሚሠራ፣ የማንም ተጠቃሚ ንብረት ያልሆነ ነገር ነው። የኋላ ታሪኩ ውዝግብ በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል።

የሥዕላዊ ዴስክቶፕ ፕሮጀክቶቹ ኬዲኢ በ1996፣ ግኖም በ1997 ሲመሠረቱ ዩኒክስን የሚመስለው ሊኑክስ ወደ ቤት ኮምፒውተሮች እየገባ ነበር። እዚያ አስተዳዳሪውም ተጠቃሚውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ስለሆነ ገጹን እንደልቡ ማድረግ ፈለገ። ኬዲኢ ኤክስዲኤምን አሻሽሎ ኬዲኤምን ሠራ፤ ለግኖም ደግሞ ማርቲን ፒተርሰን ጂዲኤምን ከባዶ ጻፈ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጂዲኤም ገጽታ የሚባለውን ሲቀበል ነገሩ ተሟሟቀ። ገጽታ ማለት ጥቂት ሥዕሎችና አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ያሉበት ማህደር ነው፤ ፋይሉ የስም መጻፊያው፣ ሰዓቱና የመዝጊያው ቁልፍ የት እንደሚቀመጡ ይነግራል። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰዓሊም ሊሠራው ቻለ። የተጠቃሚዎችን ስምና ፎቶ በዝርዝር ማሳየትም ተለመደ። ለቤት ምቹ ነው፤ ለቢሮ ግን የሠራተኞችን ስም ለአላፊ አግዳሚው አሳልፎ መስጠት ነው።

በዊንዶውስ በኩል መንገዱ ጠባብ ነበር። በ2001 በወጣው ኤክስፒ ገጹን መለወጥ የፈለጉ ሰዎች የሥርዓቱን ፋይል እስከመተካት ደረሱ። ዊንዶውስ 7 ለኮምፒውተር አምራቾች ብሎ በር ከፈተ፤ ተጠቃሚውም በዚያው ሾልኮ ከ256 ኪሎባይት ያልበለጠ ሥዕል ከጀርባ ማስቀመጥ ቻለ።

በሊኑክስ በኩል ደግሞ በ2008 ገደማ ጂዲኤም እንደገና ሲጻፍ የቀድሞዎቹ ገጽታዎች ከነመዋቅራቸው ተጣሉ። አዲሱ ኮድ የጸዳ ቢሆንም ያጣው ነገር ብዙ ስለነበር የተጠቃሚው ቅሬታ ተገቢ ነበር። በ2010 ሮበርት አንሴል የጀመረው ላይትዲኤም የተሻለ መላ አመጣ፦ የይለፍ ቃሉን የሚያጣራውን ክፍል ሰው ከሚያየው ገጽ ለየው። ገጹ በፈለጉት መሣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ በድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ የሠሩትም አሉ። ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ በ2011 ተቀበለው፤ በቀጣዩ ዓመትም ስሙ የተመረጠው ተጠቃሚ ገና ሳይገባ የራሱ ልጣፍ ከጀርባ ይታይ ጀመር። ኬዲኢም ከ2014 ወዲህ ኬዲኤምን ትቶ ገጽታዎቹ ኪውኤምኤል በተባለ ቋንቋ ወደሚጻፉለት ኤስዲዲኤም ዞረ።

ኡቡንቱ በ2017 ወደ ጂዲኤም ተመለሰ። የዚህ ጂዲኤም መልክ የግኖም ዴስክቶፕ ማሳያ ከሆነው ግኖም ሼል ጋር ተጠቅልሎ በታሸገ ፋይል ውስጥ ይኖራል፤ ለመለወጥ ፋይሉን ፈትቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ማሸግ ያሻል፤ ቀጣዩ ዝማኔ ደግሞ የተስተካከለውን በዋናው ሊተካው ይችላል።