የአቡ ሩሚ ብራና እና የእኛ የግርጌ ማስታወሻ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው። ይህን የምናውቀው በምዕራፍ 16 ቁጥር 22 ላይ እርሱ ራሱ ሰላምታውን ስላቀረበ ነው። አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ ሆኖም የጸሐፊው የራሱ ድምፅ ናት። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ወደ አማርኛ የመለሰልን አቡ ሩሚ ግን ይህችን ያህል እንኳ አላገኘም። ስለ እርሱ የምናውቀው ሁሉ ሌሎች፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ አንባቢ የጻፉት ነው። የምንጠራበት ስም እንኳ ዐረብኛ ነው።

አቡ ሩሚ የተወለደው በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስንና ሕንድን እንደ ዞረ ተጽፎለታል። ዕድሜው ገፋ ካለ በኋላ ካይሮ ላይ ታመመና በዚያ በፈረንሳይ ቆንስላ ያገለግል የነበረው አስለን ደ ሼርቪል ተቀብሎ አስታመመው። ከዚያ ወዲያ ለዐሥር ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩ ለእንግዳ ይዘጋና ሁለቱ ለሥራ ይቀመጡ ነበር። ዐረብኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዝግታ ይነበባል፤ አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ከባድ ቃል ሲገጥማቸው አስለን ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና የሰብዓ ሊቃናቱን ትርጉም ያመሳክራል። በመጨረሻ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ተጠናቀቀ። (ብራና ያልሁት እንደ ልማዳችን ነው እንጂ ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው።)

ተርጓሚው ከዚያ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ካይሮ እንደ ተመለሰ፣ በ1819 ገደማ፣ በወረርሽኝ ሞተ። በ1820 የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር መልእክተኛ የነበረው ዊልያም ጆወት ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። በእንግሊዝ አገር ቶማስ ፔል ፕላት ለኅትመት አዘጋጀው፤ ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። በ1830 ሳሙኤል ጎባት ወደ አገራችን ይዞት የገባው ወንጌል ይኸው ነበር። የእኛ የወንጌላውያኑ ታሪክ ሥሩ ሲቆፈር ከዚህ ጋር ይገናኛል።

አስለንንና ጆወትን ለመክሰስ አልተነሣሁም። አንዱ ባያስጠጋው ሌላው ባይገዛው፣ ያ ሁሉ ገጽ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ጆወት በ1822 ባሳተመው መጽሐፉ የአቡ ሩሚን ታሪክ ባያሰፍርልንማ ስሙም በጠፋ ነበር። ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንደ ተደላደለ እንይ። ቤቱ፣ ገንዘቡ፣ ማመሳከሪያ መጻሕፍቱ፣ ማተሚያ ቤቱና ታሪኩን የመጻፍ ዕድሉ በአንድ ወገን ነበሩ፤ በሌላው ወገን ቋንቋውና የትርጉም ልፋቱ። አስለን ስለ ሥራው ሲጽፍ ከባዱን ነገር የሚያስረዳው እርሱ፣ የሚረዳው አቡ ሩሚ ነው። ምናልባት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር። ግን አማርኛውን ለአስለን ማን አስረዳው? ለዚህ ጥያቄ የሌላኛው ወገን ምስክርነት የለንም።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለሰባኪ የሚጎድለው ነገር አለ። ጽድቅን፣ ኪዳንን፣ ሥጋን የመሳሰሉ ቃላት ሲያጋጥሙት አቡ ሩሚ ከግእዙ ልማድ የቱን ያዘ፣ የቱን ተወ፣ ለምን? አንድ ተርጓሚ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲመርጥ ሲጥል የኖረበት ምክንያት ራሱ ሥነ መለኮት ነው። ምርጫው ታተመ፤ ምክንያቱ ከሰውየው ጋር ተቀበረ።

ከእርሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዘመን ለሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛና ግእዝ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ሉዶልፍ መምህሩን በግልጽ አመሰገነ፤ የጎርጎርዮስ ደብዳቤዎችም ተርፈዋል። እንዲህም ሆኖ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ የሚጠራው ተማሪው ነው።

ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ እንዳንቀስር አስቴር ጋኖ አለችልን። ከባርነት ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማረችው ይህች እኅት የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፣ ተረትና ምሳሌውን ጻፈች፤ በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጣች። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለ እርሷ ቃላት ሊታሰብ አይችልም። ታዲያ በየመድረኩ ስንት ጊዜ ስሟን እንጠራለን? ኦኔሲሞስ ክብሩ ይገባዋል፤ እርሷን «ረዳት» ብለን የምናልፈው ግን እኛው ነን።

ዛሬ በኮሌጆቻችን ስለ ራሳችን አብያተ ክርስቲያናት የሚጻፈው ጽሑፍ በአመዛኙ የሚቆመው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ነው። የጉስታቭ አሬን የ1978 ሥራ ባይኖር ብዙዎቻችን የጥናት ወረቀታችንን ባልጨረስን ነበር፤ ውለታው ከባድ ነው። ግን የሚስዮን መዛግብት የሚያሳዩን ሚስዮናውያኑ ያዩትን ነው። ወላይታን እንውሰድ። በ1937 የኤስ.አይ.ኤም ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው። እነዚያን ዓመታት በስፋት ያስተዋወቀው ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 በእንግሊዝኛ ያወጣው መጽሐፍ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ እጅግ ባደገችባቸው ዓመታት ለሚስዮኑ ዘገባ የሚጽፍ ሰው በቦታው አልነበረም።

አንድ የማስተምረው ወጣት ስለ እነዚህ ዓመታት የጻፈውን ወረቀት አመጣልኝ። የግርጌ ማስታወሻው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አንዱ አንቀጽ ግን ከየትኛውም መጽሐፍ ያላየሁትን ይናገራል፤ በሌሊት ስለሚሰበሰቡ ምእመናን፣ ማን በር እንደሚጠብቅ፣ መዝሙሩ እንዴት በሹክሹክታ ይባል እንደ ነበር።

«ይህን ከየት አገኘኸው?» አልሁት።

«አያቴ ነግረውኝ ነው፣ መምህር።»

«ታዲያ ለምን አልጠቀስሃቸውም?»

«አያቴ መጽሐፍ አልጻፉም እኮ» አለኝ።

ወረቀቱን መለስሁለት። የአያቱን ሙሉ ስም፣ የተነጋገሩበትን ቦታና ቀን፣ አያቱ የተናገሩበትንም የወላይትኛ ቃል እንዳለ ከነትርጉሙ ጨምሮ እንዲያመጣ ሁለት ሳምንት ሰጠሁት።