ስለ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ችሎታ አመርማሪነት ታሪክ

የኢንቴል ኩባንያ 8086 የተባለውን ፕሮሰሰር በ1978፥ 80286ን በ1982፥ 80386ን በ1985 አወጣ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ስለ ራሱ የሚናገርበት ትእዛዝ ስላልነበረው፥ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በፈተና ይለዩት ነበር። የሁኔታ ምልክቶች በሚቀመጡበት መዝገብ ውስጥ ከቢት 12 እስከ 15 ያሉት ወደ 0 አልመለስ ካሉ 8086 ነው፤ ወደ 1 አልለወጥ ካሉ 80286 ነው፤ ቢት 18 ከተለወጠም 80486 ነው ይባል ነበር።

በ1993 ከፔንቲየም ጋር የመጣው «ሲፒዩአይዲ» የተባለው ትእዛዝ የሠሪውን ስምና የችሎታዎቹን ዝርዝር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሳይሪክስ 6ኤክስ86 የተባለው ፕሮሰሰር ይህ ትእዛዝ ተዘግቶበት ስለ ወጣ፥ አንዳንድ ፕሮግራሞች 486 ነው ብለው ዝቅ አድርገው ቈጠሩት።

ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲወጣ የጠየቀው ፒኤኢ፥ ኤንኤክስና ኤስኤስኢ2 የተባሉትን ችሎታዎች ነበር። እንግዲህ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲመጣልን በስሙና በዕድሜው ብቻ ፈርደን ከመጣላችን በፊት ዝርዝሩን እንመልከት፤ ሊኑክስ «ፍላግስ» በሚል ርእስ ያሳየዋል። ታሪኩ የሚያስተምረን፥ ስም ሲያሳስት ችሎታ ራሱ ሊጠየቅ የሚገባው መሆኑን ነው።