«ማል ጄዼ?»፦ የተከታታይ ድራማ ታሪክ ከመቱ ሳሎን

ባለፈው ክረምት ለሁለት ሳምንት መቱ ነበርን። የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ጠዋት ከጀመረ የሚያባራው ሲፈልግ ነው። መውጣት የለም። ስለዚህ በፍላሽ ይዘን የሄድነውን ‹ሾገን› ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን አሥሩንም ክፍል ከአዳዳ ጋር ተያያዝነው። አዳዳ የአባታችን እህት ናት (ኦሮምኛ የአባትን እህት አዳዳ ይላል፤ ስሟን ጠርተናት አናውቅም)። ከጎኗ እንደ ወትሮው አኮ፣ አያታችን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

‹ሾገን› በ2016 ዓ.ም. የወጣ ድራማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1600 ጃፓን ስለደረሰ አንድ እንግሊዛዊ መርከበኛና ስለ አገሬው መኳንንት ይተርካል። በአንድ ዓመት 18 የኤሚ ሽልማት ወስዷል። አብዛኛው ንግግር ጃፓንኛ ስለሆነ ከሥር እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ያንን እኛ ለአዳዳ በአማርኛ እንነግራታለን፤ እሷ ደግሞ ለአኮ በኦሮምኛ። አንድ ቦታ ላይ መርከበኛው በንዴት የተናገረውን ማሪኮ የምትባለዋ አስተርጓሚ ለጌታዋ አለሳልሳ መለሰችለት። አዳዳ ሲኒዋን አስቀመጠችና ከት ብላ ሳቀች።

«ይቺ ሴትዮ እኔን ናት» አለች። «እሱ እንዲህ መቼ አለ?»

እኛ ደግሞ ደነገጥን። ለካ አዳዳ በልጅነታችን ለአኮ ስታስተረጉምላቸው የኖረችው ሁሉ…

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። «ማል ጄዼ?» በኦሮምኛ «ምን አለ?» ማለት ነው። አኮ አማርኛ አይሰሙም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ከሬዲዮ ጀምሮ የገባ ተከታታይ ድራማ ሁሉ የታየውም የተሰማውም በዚህች ጥያቄ ነው። ተዋናዩ ይናገራል፣ አኮ «ማል ጄዼ?» ይላሉ፣ አዳዳ ትመልሳለች፣ እስክትመልስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያመልጣታል፣ ያመለጣትን ደግሞ ከራሷ ትሞላዋለች። በኢሉባቦር ከተሞች ይህን የማያውቅ ቤት ጥቂት ይመስለናል። ስለ ተከታታይ ድራማ ሲጻፍ ግን የሚነሱት ደራሲው፣ ዳይሬክተሩና ተዋናዩ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ድራማውን ለሁለተኛ ጊዜ የምትደርሰዋን ሴት የጻፈላት የለም።

ደግሞ አገሩ ለማስተርጎም አዲስ አይደለም። መቱ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት የኢሉባቦር መቀመጫ ጎሬ ነበረች። የኢሉባቦር ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ በነበረበት ዘመን ጎሬ የግሪክና የዓረብ ነጋዴ፣ የእንግሊዝ ቆንስላም የተቀመጠባት ከተማ ነች። አንድ ፈረሱላ ቡና እስኪሸጥ ስንት ቋንቋ እንደሚያልፍ አስቡት።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ሁሩሙ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850ዎቹ በዚያ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙን ሂካ አሉት። ሂካ ማለት የሚተረጉም፣ የሚፈታ ማለት ነው (ስም ይመራዋል የሚባለው እዚህ ላይ ሠርቷል)። በሕፃንነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፣ ተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ ስዊድን ሄዶ ተማረ፣ በመጨረሻም ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1899 በግዕዝ ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አብራው የለፋችውን አስቴር ጋኖን ነው፤ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ የቋንቋውን ቃልና አገላለጽ ያቀበለች፣ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን የሰበሰበች ሴት ነች። የሽፋኑ ላይ ስም ግን የእሱ ነው። አዳዳን ከእነሱ ጋር ማነጻጸራችን አይደለም፤ ማን ሲደክም የማን ስም እንደሚጻፍ ግን ከጥንትም ያው ነው ለማለት ያህል ነው።

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። መቱ በሬዲዮ ዕድለኛ ነበረች። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከተተከለባቸው ጥቂት የክፍለ አገር ከተሞች አንዷ ስለሆነች ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ሲተርክ አዳዳ ተማሪ ነበረች። ማታ ማታ የሰማችውን ለአኮ እንጀራ ሲጋግሩ ትነግራቸዋለች። እንደምትለው ከሆነ የመጀመሪያ ሥራዋ እሱ ነው፤ በዛብህን ከጎጃም አምጥታ መቱ ያሳደረችው እሷ ነች።

ቴሌቪዥን አዲስ አበባ የገባው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም ለረጅም ጊዜ የዋና ከተማው ሰው ጌጥ ሆኖ ነው የቆየው። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእኛ ሳሎን ቴሌቪዥን የተቀመጠው ከዚያም በኋላ ነው። መሀል ላይ የቪዲዮ ቤት ዘመን አለ፤ እሱን አዳዳ «የወንዶች ነበር» ብላ በአንድ ቃል ትዘጋዋለች፤ እኛም አንከፍተውም።

ከሁሉም በላይ ግን ልንቆምበት የሚገባን ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሁለት ተከታታይ ድራማዎች ይተላለፉ ነበር፤ አንዱ በአማርኛ ‹የቀን ቅኝት›፣ 257 ክፍል፤ ሌላው በኦሮምኛ ‹ዺምቢባ›፣ 140 ክፍል። ሁለቱም ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተሠሩ ናቸው፤ አድማጩ ግን ትምህርቱን ሳይሆን ሰዎቹን ወደደና በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈላቸው። በ‹ዺምቢባ› ሰዓት አኮ «ማል ጄዼ?» አላሉም! ጭራሽ አዳዳ ገበያ ቆይታ ስትመጣ ያመለጣትን ክፍል የሚነግሯት እሳቸው ሆኑ። አዳዳ ያንን ጊዜ ስታስታውስ ፊቷ ላይ ደስታም ቅሬታም አለ። «ሥራ አስፈቱኝ» ትላለች።

140 ክፍል አለቀ፤ ሥራዋ ተመለሰላት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ‹ገመና›፣ ቀጥሎ ‹ሰው ለሰው› መጣ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አገር በሙሉ ሲጠላው፣ አኮ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ አብልጠው ጠሉት። ምክንያቱን አሁን ነው ያወቅነው። አዳዳ በትርጉሟ ላይ ትንሽ ትጨምርበት ነበር።

«እንዴት አዳዳ?»

«እሱ ቀስ ብሎ ነው ክፉ የሚናገረው። በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ብነግራቸው ክፋቱ አይገባቸውም።»

ይህን መልስ ብዙ አሰብንበት። ትርጉምን የተማሩ ሰዎች በየጉባኤው ሲከራከሩበት የሚውሉትን ነገር ነው ቡና እየቀዳች የነገረችን።

በ2008 ዓ.ም. ሁለት በሮች በአንድ ዓመት ተከፈቱ። ታኅሣሥ ላይ ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮች ገባሁ አለ፤ መቱ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌላት ሳትሰማው አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቃና ቴሌቪዥን ‹ጥቁር ፍቅር›ን የመሳሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ብቅ አለ፤ እሱን ለማየት ዲሽ ብቻ በቂ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ባህል ያጠፋል፣ እንጀራችንን ይወስዳል ብለው ተቃወሙ። እንጀራቸውን በተመለከተ እውነት ነበራቸው። የባህሉ ክርክር ግን ለእኛ ሳሎን ትንሽ ቀልድ ነበር፤ ቱርክኛው አማርኛ ሆኖ ይመጣል፣ አማርኛው በአዳዳ አፍ ኦሮምኛ ይሆናል፣ አኮ ጋ ሲደርስ ኢስታንቡል የነበረችው አማት የሁሩሙ አማት ሆናለች። አኮ ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከንፈሩና ድምፁ ተጣልተዋል» ይሉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዲሽ ራሱ ጣጣ አመጣ። በጥቅምት 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ከለከለ። አንዱ ጣቢያ አኮ ያለ አስተርጓሚ የሚሰሙት ነበር። ስለዚያ ወቅት አዳዳ የምትነግረን ይህን ያህል ነው፤ «ድምፁን ዝቅ እናደርግ ነበር።» ሰኔ 2012 ላይ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ግን ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ፊልሙ አላቸው። ‹ስኩዊድ ጌም› በመስከረም 2014 በወጣ ጊዜ ኔትፍሊክስ በአራት ሳምንት 142 ሚሊዮን ቤት አየው ብሎ ነበር፤ የመቱ ሳሎኖች ከዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም።

አሁን የአዳዳን ፍርድ በቅርብ ድራማዎች ላይ እንንገራችሁ (ያላየ ሰው ቀጣዮቹን አንቀጾች ይዝለል)።

‹ስኩዊድ ጌም›ን የመጀመሪያውን ወደደችው። አሻንጉሊቷ ስትዞር የተንቀሳቀሰ ይሞታል፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ አኮም ገባቸው። ብድር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የቡና አገር ሰው አይነገረውም። በሰኔ 2017 የመጣውን ሦስተኛውን ግን አልተቀበለችውም። ሕፃን ተወልዶ ተጫዋች ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ ብሩን ሕፃኑ ወሰደ። «ደራሲው መውጫ ሲያጣ ሕፃን ጀርባ ተደበቀ» አለች። እኛም እንስማማለን።

‹እረኛዬ›ን ሦስት ሴቶች፣ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ፣ እንደጻፉት ስንነግራት «ያስታውቃል» አለች። ግን ደግሞ ያሸነፋት ድራማ እሱ ነው። አማርኛው ቅኔ አለበት፤ አኮ «ማል ጄዼ?» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። «ቃሉን እችለዋለሁ፤ ጣዕሙን ይዤው መሄድ አቃተኝ።»

እዚህ ላይ የራሳችንን ቁጭት እናስገባ። ከኢስታንቡል መጥቶ አማርኛ የሚናገር ድራማ መሥራት የቻለ አገር፣ እንደ ‹እረኛዬ› ያለውን በጥሩ ባለሙያ ወደ ኦሮምኛ፣ የኦሮምኛውን ደግሞ ወደ አማርኛ መልሶ ማቅረቡ እስከ ዛሬ ብርቅ የሆነው ለምንድን ነው? የጎረቤት ቋንቋ ከባሕር ማዶው ይከብዳል? አዳዳን አንድ ሰው አድርገን አናስባት። በየቤቱ አንዲት ሴት ያለ ክፍያ የምትሸፍነው ቀዳዳ ነው።

‹አዶለሰንስ›ን ሌላ ቀን አየነው። መጋቢት 2017 የወጣ፣ አራት ክፍል ብቻ ያለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ሳይቋረጥ የተቀረጸ የእንግሊዞች ድራማ ነው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ በግድያ ይጠረጠራል። መርማሪው ልጆቹ በስልክ የሚላላኳቸው ትንንሽ ሥዕሎች ምን ማለት እንደሆኑ አያውቅም፤ የገዛ ልጁ ነው ጠጋ ብሎ የሚያስረዳው። እዚያ ላይ አዳዳ ቀና አለችና ወደ ጓዳው በር ተመለከተች። የአጎታችን ልጆች እዚያ ነበሩ፤ ሁለቱም በየስልካቸው፣ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ። ምን እያዩ እንደነበር ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አዳዳ ተነስታ ሄደችና የትንሹን ማዳመጫ ከአንድ ጆሮው ነቅላ «ማል ጄዼ?» አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት ሳቀ።

ጎሬም ተነስታለች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው። ጠላት አዲስ አበባን ይዟል፣ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ መጥተዋል፣ ቆንስላው ያያል፣ ነጋዴው ይፈራል፣ ክረምቱ እንደ አሁኑ ይዘንባል፤ ከተማዋ የተያዘችው በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ግድም ነው። «ከዚህ ወዲያ ምን ሾገን ይፈልጋሉ?» ትላለች አዳዳ። አስተርጓሚዋን ማን ይጫወታት ብለን ብንጠይቃት አልመለሰችልንም።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ ማሪኮ ሞተች። ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አኮ ወደ እኛ ዞረው «ማል ጄቴ?» አሉ፤ ምን አለች ማለታቸው ነው።

«ሞተች፣ አኮ።»

መሞቷንስ እንዳዩ ነገሩን፤ የጠየቁት ከመሞቷ በፊት የተናገረችውን ነው። እኛ ደግሞ በድንጋጤ ጽሑፉን አላነበብነውም። ወደ ኋላ መለስነው። በሩ ጋ ቆማ፣ የሌላ ሰው ቃል ሳታስተላልፍ፣ በራሷ ስም ነው የተናገረችው። ለአዳዳ በአማርኛ ነገርናት፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች። አዳዳ ለአኮ ስትነግራቸው ከእኛ እጥፍ ረዘመ። ምን እንደጨመረችበት አልጠየቅናትም።