የናፍጣ ሞተር ከቁጥጥር ውጭ የሚፈጥንበት ምክንያትና ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የናፍጣ ሞተር አንዳንድ ጊዜ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሳይጠፋ ፍጥነቱ በራሱ እየጨመረ ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል። ይህ ብልሽት በጭነት ተሽከርካሪና በአውቶቡስ ብቻ ሳይሆን በትራክተር፣ በእህል ወፍጮ፣ በውሃ ፓምፕና በጀነሬተር ሞተር ላይም ሊደርስ ይችላል። ዘወትር የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ሲደርስ በአጭር ጊዜ ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ በአቅራቢያው ያለን ሰውም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለሆነም አሽከርካሪዎችና የሞተር ባለንብረቶች መንስኤውንና ሊወስዱት የሚገባውን እርምጃ አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ቁልፍ መዝጋት ለምን በቂ አይሆንም?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞተሩ ይቆማል። በናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው የሚፈጠረው ከፍተኛ ሙቀት ነው። በአብዛኛው የሚገባው አየር ስለማይገደብ፣ የሞተሩ ፍጥነት የሚወሰነው በሚረጨው የናፍጣ መጠን ነው። ቁልፉ ሲዘጋ የሚቋረጠውም ይኸው ናፍጣ ብቻ ነው። በመሆኑም ሞተሩ የሚቃጠል ነገር በአየር መግቢያው በኩል ካገኘ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በፈጠነ መጠን ብዙ ይስባል፣ ብዙ በሳበ መጠንም ይበልጥ ይፈጥናል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

• የቱርቦ ብልሽት፦ የቱርቦው የዘይት መከላከያዎች ሲበላሹ የሞተር ዘይት ወደ አየር መግቢያው ይፈስሳል።
• የፒስተን ፋሻ ማለቅ፦ ከሲሊንደሩ የሚያፈተልከው ግፊት የዘይት ጭጋግ ይዞ በመተንፈሻ ቱቦው በኩል ወደ አየር መግቢያው ይደርሳል።
• ከመጠን ያለፈ ዘይት፦ በሞተሩም ሆነ በዘይት በሚሠራ የአየር ማጣሪያ ውስጥ ከምልክቱ በላይ የተሞላ ዘይት ሊሳብ ይችላል።
• የነዳጅ ፓምፕ ብልሽት፦ የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠረው ክፍል ተነክሶ ሲቀር ሞተሩ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ያገኛል። በዚህ ጊዜ የናፍጣውን መስመር መዝጋት ሊያቆመው ይችላል።
• በአካባቢው ያለ ተቀጣጣይ ትነት፦ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ በደረሰ ፍንዳታ 15 ሰዎች ሲሞቱ 180 ሰዎች ቆስለዋል። በምርመራው እንደተመለከተው፣ የፈሰሰው ነዳጅ ትነት የተቀጣጠለው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ከነበረ የናፍጣ ፒካፕ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞተሩ ትነቱን ስቦ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ነበር።

ችግሩ ሲያጋጥም

1. ተሽከርካሪውን በፍሬን አቁመው ቁልፉን ይዝጉ። ካልጠፋና ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ የእግርና የእጅ ፍሬን እንደያዙ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ። ይህ ዘዴ አውቶማቲክ ማርሽ ላላቸው ተሽከርካሪዎች አያገለግልም።
2. የአየር መዝጊያ የተገጠመለት ሞተር ከሆነ መዝጊያውን ይጠቀሙ። ከሌለው፣ በደኅና መቅረብ ከተቻለ ብቻ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ወደ አየር መግቢያው ይርጩ ወይም መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ ይድፈኑ። እጅዎን ወይም ጨርቅ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የሞተሩ ስበት ይወስዳቸዋል።
3. ይህን ማድረግ ካልተቻለ ሰዎችን አርቀው እርስዎም ይራቁ። ከመጠን በላይ የፈጠነ ሞተር ብረቱን ሰብሮ ስብርባሪ ሊወረውር ወይም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አስቀድሞ ለመከላከል

የዘይቱ መጠን በመለኪያ ዘንጉ ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑን በየጊዜው ያረጋግጡ። ሰማያዊ ጭስ፣ የዘይት ቶሎ ቶሎ መጉደል፣ በአየር መግቢያ ቱቦ ውስጥ የሚታይ ዘይት፣ እንዲሁም ሳይጨመር ከፍ የሚል የዘይት መጠን ሞተሩን ሳይዘገዩ ለማስመርመር በቂ ምክንያቶች ናቸው። የነዳጅ ወይም የጋዝ ሽታ በሚሰማበት ስፍራ ሞተር አያስነሡ።

በዚህ ብልሽት ከቁጥጥር ወጥቶ የቆመ ሞተር ብቃት ባለው ባለሙያ ሳይመረመር ዳግም መነሣት የለበትም። ቱርቦው ተቀይሮ እንኳ በአየር ቱቦዎቹና በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ዘይት ካልጸዳ፣ ችግሩ ሊደገም ይችላል።